ከሐዲዱ እስከ ቆቃ፦ የዓለም ጦርነትን ታሪክ ከስምጥ ሸለቆ ማጥናት

ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ እንግሊዞች የጻፏቸውን መጻሕፍት ለሚያገላብጥ ሰው አዳማ ቢበዛ አንድ መስመር ናት። የጄኔራል ከኒንግሃም ጦር መጋቢት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. አዋሽን ተሻገረ፤ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ፤ በሁለቱ መካከል ያለው አገር የመኪና መንገድና አቧራ ብቻ ነው። በአማርኛ የተጻፉት ደግሞ ዓይናቸው ደጋው ላይ ነው። የታደሰ ዘወልዴ «ቀሪን ገረመው»፣ የገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»፣ የታደሰ ሜጫ «ጥቁር አንበሳ» ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ የብዙ አርበኛ ስም ከመቃብሩ ጋር በጠፋ ነበር። ግን የሚተርኩት ስለ ጀግና፣ ስለ ጦር ሜዳና ስለ ዱር ነው። ከቢሾፍቱ እስከ ሻሸመኔ፣ ከሞጆ እስከ አዋሽ ሰባት ኪሎ ያለው ቆላ ግን ባቡር ያለፈበት፣ ጦር የሰፈረበት፣ እህል የተጫነበት አገር ሆኖ ሳለ በሁለቱም ወገን ሳይጻፍ ቀርቷል።

የዚህ ዳሰሳ ሙግት አንድ ነው። የዓለም ጦርነት በኢትዮጵያ ምን እንደነበረ፣ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ ለማወቅ ከአምባው ይልቅ የሐዲዱና የመንገዱ ከተሞች የተሻለ መነሻ ናቸው። ምክንያቱም ወታደራዊው፣ ማኅበራዊውና ባህላዊው ታሪክ ተለያይተው መጠናት የማይችሉት እዚህ ነው። ከአምባው ሲታይ ጦርነቱ የአርበኛና የወራሪ ፍልሚያ ነው፤ ያ እውነት ነው፣ ግን ከፊሉ ነው። ከሐዲዱ ሲታይ የታንጋኒካ ወታደር፣ የኢጣሊያ ገበሬ፣ የሃርለም ጥቁር አሜሪካዊ፣ የስዊድን አብራሪ፣ የሆላንድ የስኳር ኩባንያና የጂሌ ከብት አርቢ በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ።

ከመነሻው ቀን እንጀምር። አውሮፓውያን ጦርነቱን የሚቆጥሩት ጀርመን ፖላንድን ከወረረችበት ከነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። በዚህ አቆጣጠር ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ጦርነት የገባችው ሙሶሊኒ በሰኔ 1932 በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሁሉ «የአቢሲኒያ ጦርነት» የሚባል ሌላ ጉዳይ ይሆናል። የባቡሩ መስመር ግን ይህን ክፍፍል አይቀበልም። ከወረራው በፊትና በወረራው ወራት የፈረንሳይ መንግሥት ሙሶሊኒን ላለማስቀየም ሲል በጂቡቲ በኩል የሚገባውን መሣሪያ ያጓትት ነበር፤ የለንደንና የፓሪስ ፖለቲካ በዚህ ሐዲድ ላይ ቀድሞ ታይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር በሞጆ፣ በአዳማና በአዋሽ አድርጎ ወረደ። ልክ በሳምንቱ፣ ግንቦት 1 ቀን፣ አዲስ አበባን የያዘው የባዶሊዮ ጦር በዚያው ሐዲድ ወርዶ ከሶማሊያ ከመጣው የግራዚያኒ ጦር ጋር ድሬዳዋ ላይ ተገናኘ። የሰሜኑና የደቡቡ ግንባር የተጋጠሙት በዚህ መስመር ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ነጻ አውጪው ጦር የመጣውም በዚሁ መስመር ነው፤ በዚህ የተነሣ የ1928ቱን ጦርነትና የ1933ቱን ጦርነት ሁለት አድርጎ መጻፍ ለአዳማ ሰው ትርጉም አይሰጠውም።

ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ማስረጃም አለው። እ.ኤ.አ. በ1947 በፓሪስ ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው የሰላም ውል ስለ ኢትዮጵያ በተናገረባቸው አንቀጾች መጨረሻ፣ በአንቀጽ 38፣ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ድርጊት ተጠያቂነቷ የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ማለትም ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ መሆኑን ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ልዑካን፣ በአክሊሉ ሀብተ ወልድ መሪነት፣ ፓሪስ ላይ ያተረፉት ይህ ቀን የካሣውም የክሱም መሠረት ነው። አውሮፓ የፈረመችበትን ቀን የአውሮፓ የታሪክ መጻሕፍት ማንበብ አለመፈለጋቸው የሚገርም ነው፤ የእኛዎቹ አለማንሳታቸው ግን የበለጠ ይገርማል።

ወታደራዊው ታሪክ ራሱ በዚህ አካባቢ የሚታሰበውን ያህል ድሃ አይደለም። ራስ ደስታ ዳምጠው ከገናሌ ዶሪያ ሽንፈት በኋላ በሲዳማ ተራሮች ሲከላከሉ ቆይተው፣ ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ጋር ስምጥ ሸለቆውን አቋርጠው ወደ ጉራጌ ምድር ተሻገሩ። ጎጌቲ ላይ የተከበቡት የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። አዲስ አበባ ላይ ቦምቡ የተወረወረበትና ጭፍጨፋው የጀመረበት ዕለት ከዚህ ጦርነት ጋር መገጣጠሙን በየዓመቱ የካቲት 12ን ስናስብ አናነሳውም። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በጦርነቱ ወደቁ፣ ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ፤ ራስ ደስታም ከአምስት ቀን በኋላ ተይዘው ተገደሉ። በደቡብ የነበረው መደበኛ ጦር ታሪክ የተዘጋው በስምጥ ሸለቆው ሐይቆች ዙሪያ ነው ማለት ነው።

በ1933 የሆነው ደግሞ የባሰ ተረስቷል። የከኒንግሃም ጦር ከኬንያ ድንበር እስከ አዲስ አበባ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ በ53 ቀን መጓዙ በየመጽሐፉ አለ። አዲስ አበባ ስትያዝ ግን ጦርነቱ አላለቀም። ጂማን ማዕከል ያደረገው የጄኔራል ጋዜራ ጦር ከሐይቆቹ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ ሰፊ አገር ይዞ ነበር። ስለዚህ አዋሽን ተሻግሮ የመጣው 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ፊቱን ወደ ደቡብ አዞረ፤ በክረምት መግቢያው ጭቃ ውስጥ ሻሸመኔን ግንቦት 6፣ ሶዶን ግንቦት 14 ያዘ። በመካከሉ ግንቦት 11 ቀን፣ የኢጣሊያው እንደራሴ የአኦስታው መስፍን በአምባ አላጌ እጁን በሰጠበት ዕለት፣ ከሻሸመኔ በስተ ምዕራብ ባለችው ቁሊቶ፣ በቢላቴ ወንዝ ዳር አንድ ውጊያ ሆነ። የኢጣሊያ ታንኮች ወንዙን ተሻግሮ በነበረው እግረኛ ላይ በድንገት ከኋላ መጡ። ሳጅን ናይጀል ሊኪ የተባለ በኬንያ ያደገ እንግሊዛዊ (የሰው ዘር አመጣጥ ተመራማሪው የሉዊስ ሊኪ ዘመድ ነው) አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ፤ የላይኛውን መዝጊያ ፈልቅቆ ከፈተና ሾፌሩ ሲቀር በውስጡ ያሉትን በሽጉጥ ገደለ፤ ሾፌሩን አስገድዶ ታንኩን ወደ ከለላ አስነዳው። በሌላ ታንክ ላይ ያንኑ ሊደግም ሲል ተገደለ፤ አስከሬኑ አልተገኘም። እንግሊዝ ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳይ ቪክቶሪያ ክሮስን ከሞተ በኋላ ሰጠችው።

ቁሊቶን ለምሳሌ ያነሣሁት ለሊኪ ጀግንነት ብቻ አይደለም። ሊኪ የነበረበት ሻለቃ የ6ኛው ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ አካል ነው፤ ተራ ወታደሮቹ ከታንጋኒካ የተመለመሉ አፍሪካውያን ናቸው። ከወንዙ ማዶ የነበረው የኢጣሊያ ጦርም በአመዛኙ የቅኝ ግዛት ጦር ነው፤ ከኤርትራ፣ ከሶማሊያና ከኢትዮጵያም የተመለመሉ አስካሪዎች ነበሩበት። እንግዲህ በሀላባ ምድር፣ በሁለት የአውሮፓ መንግሥታት ባንዲራ ሥር፣ የሚገዳደለው አብዛኛው ሰው አፍሪካዊ ነበር። የዓለም ጦርነት ማለት ይህ ነው። ወታደራዊ ታሪክ ብቻውን የብርጌዱን ቁጥርና የሜዳዩን ቀን ይነግረናል፤ አስካሪው ለምን እንደተቀጠረ፣ ደመወዙ ቤተሰቡን ምን እንዳደረገለት፣ ከጦርነቱ በኋላ ባንዳ ተብሎ ወይስ ታርቆ እንደኖረ የሚነግረን ማኅበራዊ ታሪክ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «የአርበኞቹ ተጋድሎ የኢትዮጵያ የነጻነት ጦርነት ነው፤ በዓለም ጦርነት ውስጥ ብታቀልጡት ነጻነታችንን እንግሊዝ ሰጠን ወደሚለው ተረት ትወስዱናላችሁ» የሚል ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው። እንግሊዞች ራሳቸው ኢትዮጵያን «የተያዘ የጠላት ግዛት» ብለው አስተዳደር አቁመውባት ነበር፤ ባቡሩንም ከ1934ቱ ስምምነት በኋላ ሳይቀር በእጃቸው አቆይተውታል። ነገር ግን መልሱ ከዓለም ጦርነት መሸሽ ሳይሆን ወደ ውስጡ ዘልቆ መግባት ነው። የ53 ቀኑ ግስጋሴ የተቻለው የኢጣሊያ ጦር ለአምስት ዓመት በየምሽጉ ተወጥሮ ስለቆየ ነው፤ የባቡሩን መስመር አርበኞች በተደጋጋሚ ስላጠቁት ለጥበቃው ብቻ ብዙ ወታደር ይመደብ ነበር። ይህን ከምንጃርና ከቡልጋ አርበኞች ትረካ ብቻ ሳይሆን ከኢጣሊያኖቹ የወታደር ምደባና ከእንግሊዞቹ የዘመቻ ማስታወሻ ጋር አስተያይቶ ማሳየት ይቻላል። አርበኛው ከዓለም ጦርነት ውጪ ሲጻፍ የአገር ቤት ጀግና ሆኖ ይቀራል፤ በውስጡ ሲጻፍ ግን የውጤቱ ምክንያት ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የሚከብድ ነው፤ ማኅበራዊውን ታሪክ የሚመለከት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የኢጣሊያ ተዋጊዎች ድርጅት የሚባለው መንግሥታዊ ተቋም፣ እንደ ሆለታው ሁሉ፣ ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮችን ከነቤተሰባቸው ለማስፈር የእርሻ ጣቢያ ከፍቶ ነበር። ፋሺስቶቹ በኢትዮጵያ መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ አስፍረው ኢጣሊያን በስንዴ ሊያጠግቡ አልመው ነበር፤ ኃይሌ ላሬቦ ስለ ኢጣሊያ የመሬት ፖሊሲ በጻፈው ሰፊ ጥናት እንደሚታየው ግን የሰፈረው ጥቂት፣ የተመረተውም ግዛቱን ራሱን የማይበቃ ሆነ። ይህ ለመናገር ቀላል ነው። ከባዱ ከአዋሽ ማዶ፣ ከሐይቆቹ በስተ ምሥራቅ ያለው አርሲ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በጦርነት ከተያዘ ወዲህ ገበሬው የገባርነት ቀንበር ተሸክሞ ኖሯል፤ ኢጣሊያኖች ሲመጡ ገባርነት ቀርቷል ብለው አወጁ፤ ነጻነት ሲመለስ ባለመሬቶቹም ተመለሱ። አባስ ሐጂ ስለ አርሲ ኦሮሞ ድልና ተቃውሞ የጻፈው መጽሐፍ ይህን ረጅም ታሪክ ይዘረዝራል። ብዙ ጸሐፊ ከዚህ ርዕስ የሚሸሸው «ይህን ማንሳት ፋሺስትን ማሞገስ ነው» ብሎ ነው።

አይደለም። የፋሺስቱ መንግሥት ገባርነትን ያስቀረው ለገበሬው አዝኖ ሳይሆን የቀድሞውን መኳንንት ከሥሩ ለመንቀልና ሕዝብን ከሕዝብ ለመለያየት ነው፤ ያው መንግሥት መርዝ ጋዝ አዝንቧል፣ የካቲት 12ን ፈጽሟል፣ ቆዳን ለይቶ የሚገዛ የዘር ሕግ አውጥቷል። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ አንድ የአርሲ ገበሬ በ1929 ግብሩ ሲቀንስለት ምን እንዳሰበ መጠየቅ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ነው። ሳይጠየቅ ሲቀር ሁለት የተሳሳቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ያድጋሉ፤ በአንዱ ሁሉም አርበኛ ነበር፣ በሌላው ኦሮሞው ሁሉ ከጠላት ጋር ነበር። ሁለተኛውን ለማፍረስ እንደ ጃጋማ ኬሎና ገረሱ ዱኪ ያሉ የኦሮሞ አርበኞችን ስም መጥራት ይበቃል፤ የመጀመሪያውን ለማፍረስ ግን የወረዳና የቀበሌ ጥናት ያስፈልጋል። ሰዎች የመረጡት በብሔር ብቻ ተከፍለው አልነበረም፤ በመሬት፣ በጎረቤት ቂም፣ በደመወዝ፣ በፍርሃትና በእምነትም ነበር። የእነዚህን ድርሻ መለየት የሚቻለው ደግሞ በትንሽ አገር ላይ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የምንጭ ነው፦ የጠላት ሰነድ ይዋሻል፣ ያየ ሰው ደግሞ ሞቷል። የመርዝ ጋዙ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ መልስ ነው። ኢንድሮ ሞንታኔሊ የተባለው ዝነኛ የኢጣሊያ ጋዜጠኛ በወረራው የዘመተ ሰው ሲሆን ጋዝ አልተጣለም ብሎ ለብዙ ዓመታት ተከራክሯል። አንጀሎ ዴል ቦካ ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተቃራኒውን ሲጽፍ ውግዘት ደረሰበት። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1996 የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስትር ጋዝ መጣሉን አመኑ፤ ያሳመናቸውም የራሳቸው ጦር ቴሌግራም ነው። የጠላት ሰነድ ለሕዝብ ሲናገር ይዋሻል፤ ለአለቃው ሲጽፍ ግን ብዙውን ጊዜ ይናዘዛል። ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የተባለው ኢጣሊያዊ ተመራማሪ በ2006 እ.ኤ.አ. በሰሜን ሸዋ የዘረትን ዋሻ ያገኘው እንዲህ ነው። በ1931 ዓ.ም. በዋሻው የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው የተጨፈጨፉበትን ዘመቻ በወታደራዊ መዝገብ አነበበ፤ ቦታው ድረስ ሄዶ የአገሩን ሰው ጠየቀ፤ የአካባቢው ሰው ደግሞ ቦታውን መቼም አልረሳውም። ሮም ያለው ወረቀትና መንዝ ያለው ትውስታ እስኪገናኙ 67 ዓመት ፈጀ።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞችም መንገዱ ይኸው ነው። በለንደን ብሔራዊ መዝገብ ቤት የብርጌዶቹ የዕለት ማስታወሻ አለ፤ በሮም የጦር ሠራዊቱ የታሪክ ክፍልና የሉቼ ተቋም ፊልሞች አሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ከወመዘክርና ከኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሌላ ሁለት ችላ የተባሉ ምንጮች አሉ። አንዱ የፋሺስቱ ዘመን የአማርኛ ጋዜጣ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ» ነው፤ ፕሮፓጋንዳ ስለሆነ ማንም አያነብበውም፣ ግን ጠላት በየከተማው ምን ቃል ይገባ እንደነበር የሚነግረን እሱ ነው። ሌላው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ የጻፏቸው የከተሞች ታሪክ ጽሑፎች ናቸው፤ ጥራታቸው ይለያያል፣ ነገር ግን ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች ቃል በውስጣቸው ተቀምጧል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1945 ኢትዮጵያ ለኃያላኑ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ያቀረበችው የ760,300 ሟቾች ቁጥር ለከተማ ጥናት አይረዳም፤ ሰንጠረዡ ሟቾችን በአሟሟታቸው እንጂ በአገራቸው አይከፋፍልም። ቁጥሩን መድገም እንወዳለን፤ ከአዳማ ስንት፣ ከሻሸመኔ ስንት ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ባህላዊው ታሪክ የሚጀምረው ከአገር ውጪ ነው። ወረራው በሃርለም፣ በኪንግስተንና በሌጎስ ጥቁር ሕዝብን እንዳንቀሳቀሰ በሰፊው ተጽፏል። ዶክተር መላኩ በያን በ1937 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ የዓለም ፌዴሬሽንን አቋቋሙ፤ ነጻነቱን ሳያዩ በ1940 እ.ኤ.አ. አረፉ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948 እ.ኤ.አ.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በመከራው ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙት የውጭ አገር ጥቁሮች ሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት በፌዴሬሽኑ በኩል ሰጡ። ዛሬ ስለዚያ ሰፈር ሲወራ ሬጌና ራስታ ይቀድማል፤ የጃማይካ ራስተፈሪያኖች በርከት ብለው የመጡት ግን በኋላ ነው። መሠረቱ የጦርነት ውለታ ነው። ስጦታውን ከሰጪውና ከተቀባዩ ጎን ብቻ ማጥናት ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው፤ መሬቱ በነባሩ ኦሮሞ ገበሬ ዘንድ እንዴት እንደታየ ካልተጠየቀ የሻሸመኔ ታሪክ የእንግዶች ታሪክ ይሆናል። ቢሾፍቱም የራሷ ድርሻ አላት። በ1928 በስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ቁስለኛ ሲያመላልስ የነበረው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ መጥቶ በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አደራጅቷል።

«እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ነገር የጦርነት ታሪክ ሊሆን ነው፤ ወሰኑ የት ነው?» ማለት ይቻላል፤ ይህን ተቃውሞ ከሁሉም ይበልጥ አከብረዋለሁ። ወሰኑ ሰነድ መሆን አለበት ባይ ነኝ። አንድ ነገር በውል፣ በደብዳቤ ወይም በገንዘብ ዱካ ወደ ጦርነቱ ከተመለሰ በታሪኩ ውስጥ ይግባ፤ በመመሳሰል ብቻ ከሆነ ይውጣ። ወንጂን በዚህ እንመዝን። የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በጃቫ የስኳር ሀብት ነበረው፤ ጃፓን በ1942 እ.ኤ.አ. ያንን አገር ያዘች፣ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ነጻ ወጣች። ኩባንያው ሌላ አገር ሲፈልግ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በ1951 እ.ኤ.አ. ተዋዋለ፤ የወንጂ ፋብሪካም በ1954 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ። ዱካው አለ፣ ግን ቀጥተኛ አይደለም፤ ስለዚህ ወንጂ የጦርነቱ ጎረቤት እንጂ ልጁ አይደለም እላለሁ። ቆቃ ግን ያለ ጥርጥር ልጁ ነው። የፓሪሱ ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰነ፤ ክፍያው እስከ 1956 እ.ኤ.አ. ስምምነት ድረስ ተጓተተ፤ በመጨረሻ ከተወሰነው ባነሰ ገንዘብ ተስማምተው ከካሣው አዋሽ ላይ ግድብ ተሠራ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. ኃይል ማመንጨት ጀመረ። ከአዳማ ብዙ ሳይርቅ የተኛው ሐይቅ ከአንቀጽ 38 የፈሰሰ ውኃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በዚያ ሸለቆ ከብቱን ያሰማራ የነበረው ጂሌ ኦሮሞ ግን በውሉ ውስጥ የለም። ለአገር ጉዳት የተከፈለው ካሣ የእሱን ግጦሽ ውኃ ሥር አስገብቷል፤ ለወንጂ አገዳም እንዲሁ መሬት ለቋል። የካሣውን ስምምነት፣ የግድቡን የግንባታ ሰነድና የዚያን አካባቢ የመሬት መዝገብ ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ጥናት ቢኖር፣ ስለ ዓለም ጦርነት በኢትዮጵያ ከአንድ ተጨማሪ የዘመቻ መጽሐፍ የበለጠ ይነግረን ነበር። የጂሌ ሽማግሌዎችን ቃል መቅዳት ደግሞ ሮምን ወይም ለንደንን መጠበቅ የማይፈልግ ሥራ ነው፤ ግድቡ ሲሠራ ልጅ የነበሩት ዛሬ ሰባን አልፈዋል።